ልጁ ወተት አይስማማኝም ሲል

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ስላሉ ልጆችና ስለ ወተት ነው የማወራው።

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ወተት ይቀርብላታል። ግማሹን ትጠጣና ብርጭቆውን ገፋ ታደርገዋለች። «እማ፣ ሆዴን ይነፋኛል።» «ሰበብ አታብዢ፣ ጨርሺው!» ክፍል ውስጥ ሆዷ ሲጮህ ጓደኞቿ እንዳይሰሙ ደብተሯን ሆዷ ላይ አጥብቃ ይዛ እንደምትቀመጥ የነገረችው ለእኔ ነው። በጣም አዘንኩ።

ልጅቷ አልቀበጠችም። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። እሱን የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ጡት በሚጠባ ሕፃን አንጀት ውስጥ ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ግን በብዙ ሰው ላይ ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ እንዲህ ነው። ሳይፈጭ የቀረው ስኳር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ጋዝ ይፈጠራል፣ ሆድ ይነፋል፣ አንዳንዴም ያስቀምጣል። በሽታ አይደለም።

ልጆቹ ደግሞ አንዴ ሆዳቸውን ካመማቸው ወተት ነክ ነገር በሙሉ እርም ይላሉ። ይሄም ያሳስበኛል፤ አጥንት በፍጥነት የሚያድገው በዚሁ ዕድሜ ነው። ላክቶስ በደንብ የማይፈጭለት ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ 12 ግራም ያህል ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት፣ በተለይ ከምግብ ጋር ሲሆን ያለ ብዙ ችግር ይችሉታል። በባዶ ሆድ መጋት ነው የሚከብደው።

እርጎ ደግሞ አለልን። ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ የተወሰነውን ቀድመው በልተውታል። አይብም ላክቶሱ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። ወተት ጨርሶ ለማይወድም ጤፍና ጎመን ካልሲየም አላቸው።

ለጾመኞች አንድ ነገር ልጨምር። ወተት አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው የትልቁ አንጀቱ ባክቴሪያዎች ላክቶስን ይለምዱታል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በዚህ መሃል ልማዱ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ለፋሲካ ልጆቹን በትልቅ ብርጭቆ አትቀበሏቸው። በትንሽ በትንሹ ጀምሩላቸው።

ልጁ ከከሳ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም ወተት ሲጠጣ ሰውነቱ ሽፍ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።