የጠፋችው «ኤስ»

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ወሬዬም የእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው። አትሽሹ፣ አጭር ነው።

ሰብጃንክቲቭ፣ ማለትም ምኞትን፣ ጥያቄን ወይም ያልሆነን ነገር የሚገልጽ የግስ ቅርጽ፣ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን «ኢፍ አይ ወር ዩ» (እኔ አንተን ብሆን) ነው። ሸምድደነዋል። «ኢፍ አይ ዎዝ ዩ» ብትሉም ግን ሰሚው ይገባዋል፤ ቢበዛ መደበኛ ጽሑፍ ላይ ፊት ያስነሳባችኋል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላኛው፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። ስሙኝማ፦ «ሺ ኢንሲስትስ ዛት ሂ ፔይስ።» አሁን ደግሞ፦ «ሺ ኢንሲስትስ ዛት ሂ ፔይ።» ልዩነቱ አንዲት «ኤስ» ናት። በመጀመሪያው ሴትዮዋ «ኧረ ይከፍላል!» ብላ ድርቅ ብላለች። በሁለተኛው «መክፈል አለበት» ብላ ይዛዋለች። ይክፈል አይክፈል ገና አልታወቀም። ውል ወይም ቃለ ጉባኤ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። እኔ ጽሑፍ ሳርም እዚህ ጋ ስደርስ ቆም እላለሁ፤ ጸሐፊው የቱን ማለቱ ነው?

«ዲማንድ»፣ «ሰጀስት»፣ «ሪኮሜንድ» ሲመጡም ያው ነው። ዋናው ግስ ኃላፊ ጊዜ ቢሆን እንኳ ተከታዩ ንቅንቅ አይልም፦ «ሂ ሰጀስትድ ዛት ሺ ሊቭ» (እንድትሄድ ሐሳብ አቀረበ)። አሉታው ደግሞ ይባስ! «ዛት ሺ ኖት ሊቭ» ነው የሚባለው፤ «ዳዝ» የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ስትሰሙት ስህተት ነው የሚመስለው።

በድሮው እንግሊዝኛ ግሶች ለዚህ የራሳቸው መድረሻ ነበራቸው። በዘመናት ውስጥ ተሸርሽሮ አለቀ። ለዚህ ነው «ዛት ዜይ ሊቭ» ሲባል ሰብጃንክቲቭ ይሁን አይሁን ከቅርጹ የማይለየው። በግልጽ የሚታየው በነጠላ ሦስተኛ መደብ ላይና «ቢ» ሲመጣ ነው። «ሎንግ ሊቭ ዘ ኪንግ» እና «ሶ ቢ ኢት» ደግሞ እንዳሉ ደርቀው የቀሩ ናቸው።

አሜሪካኖች በዚህ አነጋገር በደንብ ይገለገሉበታል። እንግሊዞች ብዙ ጊዜ «ሹድ» ጣል ያደርጉና ይገላገላሉ። አንዳንዶቹ «ፔይስ» ብለውም «ይክፈል» ማለታቸው ነው፤ ያኔ ትርጉሙን ከዐውዱ መፈለግ ነው። ለእኔ «ኤስ»ን መጣሉ ይሻላል፤ አጭርም ግልጽም ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ። «ኢፍ» ባዩ ቁጥር «ወር» የሚሰኩ ሰዎች አሉ። «ትናንት አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» ለማለት «ኢፍ አይ ዎዝ ሩድ» ነው ትክክሉ። ምናልባት በእርግጥ አስቀይመኸው ይሆናላ! «ወር» ካልክ ግን አላስቀየምኩህም እያልክ ነው፤ ታዲያ ይቅርታው የምን ነው?

በሉ፣ ቸር ሰንብቱ።