አምሪትሳር፦ ሒሳብ የማይመጣበት ማዕድ

ናሆም፦ እንደምን ሰነበታችሁ! በቀጠሯችን መሠረት ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አምሪትሳር ነው። በህንድ ፑንጃብ ግዛት፣ ከፓኪስታን ድንበር አጠገብ ያለች የሲኮች፣ ማለትም የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ቅድስት ከተማ ናት። መቅደስ ሄዳ አይታታለች። እንዴት ይኬዳል፣ የት ይታደራል፣ ምን ይለበሳል የሚለውን ትነግረናለች። ከባቡሩ እንጀምር?

መቅደስ፦ ባቡሩ ይደርሳል። መጀመሪያ ስለ እትዬ ልንገርህ።

ናሆም፦ እትዬ ደግሞ ማን ናቸው?

መቅደስ፦ አክስቴ ናቸው። ዓይናቸውን ለመታከም ዴልሂ ይዣቸው ሄጄ ነበር። ሕክምናው አልቆ ቀጠሮ ስንጠብቅ፣ በወርቅ የተለበጠ የሲኮች ቤተ መቅደስ እንዳለ ነገርኳቸው። «እነዚያ ጥምጣም የሚያስሩት? የሒሳብ አስተማሪያችን እንደዚያ ነበሩ እኮ» አሉና ወዲያው ሻንጣቸውን መሸከፍ ጀመሩ።

ናሆም፦ ለሒሳብ አስተማሪ ሲባል ፑንጃብ ድረስ! እኔ የእኔን አስተማሪ መንገድ ላይ ባያቸው እንኳ አቅጣጫ እቀይራለሁ።

መቅደስ፦ በሩ ላይ ስንደርስ ጫማ ይወለቃል። ጫማ የሚቀበሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኛን የተቀበሉን ሽማግሌ ነጭ ሸሚዛቸው በወጉ የተተኮሰ፣ ጺማቸው የተበጠረ፣ መሥሪያ ቤት ቢሆኑ ኖሮ ጸሐፊያቸውን አልፈህ የማታገኛቸው ዓይነት ሰው ነበሩ። የእትዬን አቧራ የጠጣ ጫማ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ሰጧቸው። እትዬ ደንግጠው ጫማቸውን መልሰው ሊነጥቋቸው!

ናሆም፦ እኔም እነጥቃቸው ነበር። ሽማግሌ ጫማዬን ሲይዝልኝ እንዴት ዝም እላለሁ?

መቅደስ፦ እርሳቸው ግን እንደ ክብር ነው የሚያዩት። ሴቫ ይሉታል፤ ያለ ክፍያ ማገልገል ማለት ነው። ከዚያ እግርህን በር ላይ በሚፈስ ውኃ ታጥበህ፣ ራስህን ሸፍነህ ትገባለህ።

ናሆም፦ ወንድም?

መቅደስ፦ ወንድም። ኮፍያ አይበቃም፤ ጨርቅ ነው። ከሌለህ በር ላይ ታገኛለህ። እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ስለነበር ማንም ምንም አላላቸውም። እንዲያውም አንዲት ሴት ጥለቱን እየነካካች አደነቀችው። ከዚያ ደረጃውን ቁልቁል ትወርዳለህ። ቤተ መቅደስ ሲባል ሽቅብ የሚወጣበት ይመስለኝ ነበር፤ ይህኛው ግን ዝቅ ብለህ ነው የምትገባበት፤ ትሕትናን እንዲያሳስብ ነው ይላሉ። ስትወርድ ሰፊ ኩሬ፣ መሃሉ ላይ ሐርማንዲር ሳሂብ የሚባለው ወርቃማው ቤተ መቅደስ፣ ወደ እርሱ የሚወስድ የእብነ በረድ መንገድ ይታይሃል።

ናሆም፦ ወርቁ እውነተኛ ነው?

መቅደስ፦ በመዳብ ላይ የተለበጠ እውነተኛ ወርቅ ነው። እርሱ ግን ኋላ የመጣ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፑንጃብ ንጉሥ የነበረው ማሃራጃ ራንጂት ሲንግ ነው ያስለበጠው። ኩሬውን ያስቆፈሩት አራተኛው የሲኮች ጉሩ፣ ማለትም የሃይማኖት መሪ፣ ራም ዳስ ናቸው፤ በ1577 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ልጃቸው ጉሩ አርጃን ቤተ መቅደሱን ሠርተው በ1604 የሲኮችን ቅዱስ መጽሐፍ አስገቡበት። በአራቱም አቅጣጫ በር አለው፤ ከየትም የመጣ ይግባ ለማለት ነው።

ናሆም፦ እሺ፣ አሁን ወደ ባቡሩ...

መቅደስ፦ ወደ ወጥ ቤቱ!

ናሆም፦ አውቄ ነበር።

መቅደስ፦ ላንጋር ይባላል። ቀንና ሌሊት አይዘጋም፤ በቀን በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሰው በነጻ ይበላበታል። ክፍልፋይ ያለው የብረት ትሪ ይሰጡሃል፣ በረጅም ምንጣፍ ላይ ተሰልፈህ መሬት ትቀመጣለህ። ባልዲ የያዘ ሰው እየሮጠ ምስሩን በጭልፋ ይጨልፍልሃል። ሮቲውን፣ ቂጣቸውን ማለቴ ነው፣ የሚያድለው ግን ትሪህ ላይ አያስቀምጥልህም፤ ሁለት መዳፍህን ገጥመህ ካልዘረጋህ አይሰጥህም። ረድፉ በልቶ ሲነሣ ወለሉ ይታጠባል፣ ቀጣዩ ረድፍ ይገባል። የትሪው ኳኳታ ደግሞ ውጭ ድረስ ይሰማል።

ናሆም፦ ሥጋ አለው?

መቅደስ፦ ሥጋ የሚባል ነገር የለም። ግን ቀኑ ረቡዕ ነበር። እትዬ «ቅቤ ነክቶታል?» ይሉኛል። እኔ በምን አውቄ? ሩዙ በወተት የተቀቀለ መሆኑ ያስታውቃል፤ ምስሩም ላይ የሆነ ነገር ያብለጨልጫል። ደረቅ ሮቲ ብቻ ይዘው ተቀመጡ። አዳዩ ልጅ ተጨንቆ ባልዲውን ይዞ ሦስቴ ተመላለሰ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ሲሰብሩለት ገባው መሰለኝ፤ ሌላ ሮቲ ጨመረላቸው።

ናሆም፦ የሌላ እምነት ማዕድ መሆኑስ አላስጨነቃቸውም?

መቅደስ፦ ለይተው ያዩት ነበር። ምግቡን «የእንግዳ ማዕድ ነው» ብለው በሉ። በዱቄት፣ በቅቤና በስኳር የሚሠራውን፣ ከመቅደሱ የሚታደለውን ካራህ ፕራሻድ ግን በአክብሮት አለፉት። ማንም አላስገደዳቸውም። እኔ በላሁት፤ በጣም ይጣፍጣል።

ናሆም፦ አንድ ነገር ልቃወም። እኔ የሆቴል ገንዘብ ያለኝ ቱሪስት ነኝ። ለተራበ የተዘጋጀ ምግብ ተሰልፌ ስበላ አያሳፍርም?

መቅደስ፦ ለተራበ ብቻ የተዘጋጀ ነው ያለህ ማን ነው? ሐሳቡ ሀብታሙም ድሃውም እኩል መሬት ላይ እንዲቀመጥ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ህንድን ይገዛ የነበረው ንጉሥ አክባር እንኳ ሦስተኛውን ጉሩ አማር ዳስን ሊጎበኝ ሲመጣ መጀመሪያ ከሕዝቡ ጋር መሬት ተቀምጦ በላ ይባላል። አንተ «እኔ አያስፈልገኝም» ስትል ከአክባር በላይ ልትሆን ነው?

ናሆም፦ አክባር ግብር ይሰበስብ ነበር፤ እኔ አልሰበስብም። ቢያንስ መክፈል አለብኝ።

መቅደስ፦ ሣጥን አለ፤ የፈቀድከውን ትጨምራለህ። ካልጨመርክም የሚያይህ የለም። እኔና አንተ ምሳ በልተን ሒሳብ ሲመጣ እንደምንጓተተው ዓይነት ድራማ እዚያ የለም።

ናሆም፦ አንቺ መቼ ነው የተጓተትሽው? ሒሳብ ሲመጣ ስልክ ይደወልልሻል።

መቅደስ፦ ይቆረጥ ይህ! ለማንኛውም እትዬም እንደ አንተ አልዋጥላቸው አለ። «በነጻ በልቼ አልወጣም» አሉ። ሴቶች ክብ ሠርተው ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ አዩና ሄደው መሃላቸው ቁጭ አሉ። እርሳቸው ፑንጃብኛ አያውቁ፣ እነርሱ አማርኛ አያውቁ። ቢላዋ ሰጧቸው። እኔ ኩሬውን ዞሬ፣ ፎቶ አንሥቼ፣ መዝሙሩን አዳምጬ ስመለስ እትዬ የአላላጥ ዘዴ እያስተማሩ ናቸው! ፍሬውን በመዳፋቸው ተጭነው ያሹታል፣ ልጣጩ ይራገፋል፣ ሴቶቹ ይስቃሉ። እንሂድ ብላቸው «ይህን ሳልጨርስ?» አሉኝ። ክምሩ እስከ ጉልበታቸው ነው!

ናሆም፦ አየሽ፣ እትዬ ከእኔ ጋር ናቸው። በነጻ አልበሉም።

መቅደስ፦ አይደሉም። ሠርተህ ክፈል ያላቸው የለም። ደስ ብሏቸው ነው።

ናሆም፦ ደስ እያላቸው ከፈሉ እንበል።

መቅደስ፦ እንበል። ግን አልተስማማሁም። አምሪትሳር የሚሄድ ሰው ምን ልይ ካለኝ ወርቁን ከማለቴ በፊት ሽንኩርት ላጥ፣ ትሪ እጠብ ነው የምለው። ወርቁን እኮ ከፎቶም ታየዋለህ።

ናሆም፦ ከተማዋ ውስጥስ ሌላ ምን አለ?

መቅደስ፦ ጃሊያንዋላ ባግ አለ፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1919፣ እንደ አውሮፓውያን፣ ጄኔራል ዳየር የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ለስብሰባና ለበዓል በተሰበሰበ ባዶ እጁን ያለ ሕዝብ ላይ ያስተኮሰበት ግቢ ነው። መንግሥት ያመነው 379 ሟች ነው፤ ህንዶች ከዚያ እጅግ ይበልጣል ይላሉ። ጥይቱ የበሳው ግድግዳ ምልክት ተደርጎበት አለ፣ ሰው ከተኩሱ ሲሸሽ የገባበት ጉድጓድም አለ። እትዬ «የካቲት 12» አሉ፣ ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ናሆም፦ ቤተ መቅደሱም ራሱ በ1984 ጦር ገብቶበት የለም?

መቅደስ፦ አዎ፣ በሰኔ። ውስጡ የመሸጉ ታጣቂዎችን ለማስወጣት የህንድ ጦር ገባ፤ ከኩሬው ፊት ለፊት ያለው «አካል ታክት» የሚባለው የሲኮች የሥልጣን መንበር ሕንጻ ክፉኛ ፈርሶ ኋላ እንደገና ተሠራ። ብዙ ሰው ሞቷል። ሰው ካላነሣልህ በጨዋታ መሃል የምታነሣው ጉዳይ አይደለም።

ናሆም፦ እሺ፣ ባቡሩ። አሁን አታመልጪኝም።

መቅደስ፦ ከኒው ዴልሂ በፈጣኑ ባቡር ስድስት ሰዓት ያህል ነው። በክረምታቸው፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ጉም ባቡሩን ያዘገየዋል፤ በበጋቸው ደግሞ ሙቀቱ አይቻልም፣ በባዶ እግር መሆንህን አትርሳ። ኅዳር ወይም የካቲት ጥሩ ነው። ወርቃማው ሕንጻ ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው፤ ሲጋራና መጠጥ ይዘህ አትገባም። ማደሪያ የምእመናን ማረፊያ አለ፣ የውጭ አገር ሰውም ይቀበላሉ።

ናሆም፦ እርሱም በነጻ እንዳትይኝ!

መቅደስ፦ አልጀምርልህም። ይልቅ ከሰዓት በኋላ ወደ አታሪ ድንበር ሂድ፣ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ጀምበር ስትጠልቅ የህንድና የፓኪስታን ድንበር ጠባቂዎች ባንዲራቸውን ያወርዳሉ። እግራቸውን እስከ ግንባራቸው እያነሡ መሬቱን ይደበድባሉ፣ ሕዝቡ እንደ ስታዲየም ይጮኻል። እትዬ ነጠላቸውን እያውለበለቡ አብረው ሲጮኹ አየኋቸው።

ናሆም፦ ለማን?

መቅደስ፦ ሽንኩርት ያስላጧቸው በየትኛው በኩል ነበሩ?