አምፑ ለሚጫወተው ይሰጥ

እንደምን ዋላችሁ! ወላጆች፣ ከከተማ አስተዳደሩ የመጣችሁ እንግዶች፣ የሙዚቃ ክለባችን ልጆች፣ በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የተባልኩት «ስለ አዲሱ የጊታር ድምጽ ማጉያ፣ ስለ አምፑ፣ ትንሽ አስረዳ» ነው። አስረዳለሁ። ዋናው የመጣሁበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ ከወዲሁ ልናገረው፦ ይህ አምፕ ስቶር እንዳይገባ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ውጭ ያሉ የአካባቢያችን ልጆች አዋጥተው የላኩት ትንሽ የቲዩብ አምፕ ነው። ኃይሉ 15 ዋት ነው። 15 ዋት ስል ፊታችሁ ትንሽ ተቀይሯል፤ ሰርግ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዋት ያለው ሞንታርቦ ለምደናላ! ለጊታር ግን 15 ዋት ቲዩብ ቀላል አይደለም፣ ከድራም ጋር ይሰማል፣ ለዚህ አዳራሽ ደግሞ ይተርፋል። ቲዩብ ማለት ቫልቭ ነው፣ ውስጡ ያለው እሱ ነው። የድሮ ቫልቭ ሬዲዮ የነበራችሁ አባቶች ታውቁታላችሁ፤ እንደከፈቱት አይናገርም፣ እስኪግል ይጠበቃል። ይሄም እንደዚያው ነው።

ከጊታር ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው ዕቃ፣ የሚወጣው ሲግናል በጣም ደካማ ነው። ፕሪአምፕ የሚባለው ክፍል እሱን ያጎላና ጸባይ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ፓወር አምፑ ስፒከሩን የሚነዳ ጉልበት ይጨምርበታል። ፕሪአምፑ ላይ ያለችው ጣት የምታክል ቫልቭ 12 ኤኤክስ 7 ትባላለች፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ 83 ይሏታል። አብዛኛው አምፕ ላይ ፕሪአምፑ እዚያው የተበየደ ስለሆነ የገዛኸውን ድምጽ ይዘህ ትኖራለህ። እዚህ ግን ፕሪአምፑ ራሱን የቻለ ሞጁል ነው፤ ስበህ ታወጣዋለህ፣ ሌላ ትከታለህ። ሀሳቡ የዛሬ አይደለም። በፒክአፕ ሥራው የታወቀው ሲይሞር ደንከን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሞጁሉ የሚቀያየር ኮንቨርቲብል የተባለ አምፕ አውጥቶ ነበር፣ ከዚያም ብሩስ ኤግኔተር የነደፈውን ተመሳሳይ አሠራር ራንዳል የተባለው ኩባንያ ይዞት ወጣ።

የኛ ከሦስት ሞጁል ጋር ነው የመጣው። አንዱ የአሜሪካኖቹ ዓይነት ንጹህ ድምጽ፣ አንዱ ሻካራው የእንግሊዞቹ፣ ሦስተኛው ጌኑ፣ ማለትም ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን፣ ከባድ የሆነ የሮክ ድምጽ። ከልጆቹ ጋር በራሳችን ቅኝት ሞከርናቸው። ትዝታ በንጹሁ ሞጁል ሲመታ እያንዳንዱ ድምጽ ለብቻው ይሰማል፣ ጣት ክሩን ስትለቅ እንኳ ይሰማል። ባቲን በእንግሊዙ ሞከርነው፣ ጌኑን ግማሽ ላይ አድርገን። ቀስ ብለህ ስትነካው ንጹህ ነው፣ ጠንከር ስታደርግ ይሻክራል፤ ማብሪያ ማጥፊያው እጅህ ላይ ነው ማለት ነው። አንቺሆዬን በከባዱ ሞጁል የሞከረው ልጅ ግን ችግር ገጠመው። ዜማውን አንድ በአንድ ሲመታ ድምጹ ረዝሞ ያለቅሳል፣ ደስ ይላል። ሁለቱን የሚጠጋጉ ድምጾች አንድ ላይ ሲመታቸው ግን ተደበላልቀው ጫጫታ ሆኑ። ማንም ምንም አላለውም። አምፑን አጠፋ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ሞጁሉን ስቦ አወጣ፣ ንጹሁን ከተተ፣ ያንኑ ደገመው። ፊቱን ብታዩት! ጌን ምን እንደሚያደርግና የት እንደማይሆን በዚያች ደቂቃ ገባው፤ እኔ ሰሌዳ ላይ ሳምንት ባወራ አላስረዳውም ነበር።

ክራርም ሰክተንበታል። ክራሩ ላይ የተለጠፈችው ፒክአፕ ፒየዞ የምትባል የእንጨቱን ንዝረት የምትይዝ ናት፣ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ስትሰካ ወፍራሙ ድምጽ ይጠፋና ትቀጥናለች። የጊታር አምፕ መግቢያ ግን የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከፍተኛ፣ በተለምዶ 1 ሜጋኦም፣ ስለሆነ ፒክአፗን አያዳክማትም። የክራሩ ሆድ ሲያስተጋባ ሰማነው፣ ስፒከር ውስጥ!

እንግዲህ ይሄ ሁሉ የሚሆነው ልጅ እጁን ሲያስገባበት ነው። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ከዓመታት በፊት፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ ለወጣቶች ተብሎ አምፕና ኪቦርድ ተገዛ። የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ተቆረጠለት፣ ቁጥር ተጻፈበት፣ ስቶር ገባ። በቃ። ለበዓል ዝግጅት ፈልገነው ጠየቅን። በደብዳቤ አቅርቡ ተባልን። አቀረብን። ማህተም የለውም ተባልን። ማህተም አስመታን። ፈራሚው ስብሰባ ነው፣ ነገ ኑ። በነጋታው ሄድን፣ ፈራሚው ለመስክ ሥራ ወጥቷል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያን ጊዜ ከኔ ጋር ደጅ የጠናችሁ አላችሁ፣ ታስታውሳላችሁ። በዓሉ አለፈ። ጊታሩን ሚክሰር ላይ ሰክተን፣ ድምጹ ታፍኖ፣ እንደምንም ተጫወትን። በኋላ ስቶሩ ለቆጠራ ሲከፈት አምፑን አየሁት። የተጠቀለለበት ፕላስቲክ ከላይ እንዳለ ነው። የስፒከሩን ወረቀት አይጥ ከጎን ገብቶ በልቶታል፣ የገመዱም ሽፋን ተልጧል። መዝገቡ ላይ ግን «በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ» ይላል። አንድ ቀን ሳይበራ! ያን ጊዜ ጊታር ሊማሩ ይመጡ የነበሩ ልጆች ተስፋ ቆርጠው ተበተኑ፤ እነሱን ማን ቆጠራቸው? የመዝገቡ ቁጥር ከልጅ የሚበልጥበት አሠራር ይብቃ! ንብረት ይጠበቅ፣ እስማማለሁ፤ ግን የተጠበቀው ለማን ነው? ልጅ ሲጫወትበት ቢበላሽ ይጠገናል። ስቶር ውስጥ የባከነ ልጅነት በምን ይጠገናል?

ስለ አያያዙ ባጭሩ። ሞጁል የሚቀየረው አምፑ ጠፍቶ ነው። ስፒከር ሳይሰካ አይበራም፣ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ማንም አይክፈተው፣ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ አለ፣ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። መብራታችን ከፍ ዝቅ ስለሚል በስታብላይዘር ይሁን። መለዋወጫ ቫልቭ አብሮ ተልኳል።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አምፑ እዚሁ ልምምድ ክፍል ይቀመጥ፣ ቁልፉ በክለቡ ልጆችና በአንድ አስተማሪ እጅ ይሁን፣ የወሰደም የመለሰም ደብተር ላይ ይፈርም። የንብረት ወጪ ሰነዱ፣ ሞዴል 22፣ ካስፈለገ ዛሬውኑ፣ ሕዝብ እያየ ይፈረም። እንግዶቻችን፣ መልሳችሁን ከዚህ ሳትወጡ እንጠብቃለን።

አምፑ ግሏል፣ ንጹሁ ሞጁል ገብቷል። ክራር የያዝሽው ልጅ፣ ነይ አንቺ ጀምሪ።