ሂሳቡን በውኃ የሚከፍሉት

ክቡራትና ክቡራን፣ መንገደኞችና የመንገደኞች ቤተሰቦች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ፓሲፊክ ክሬስት ትሬይል የሚባለው የምዕራብ አሜሪካ የእግር ጉዞ መንገድ ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ ድንበር 4265 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ቶሎ ወደ በረዶውና ወደ ከፍታው ይሮጣል። እኔ ግን ዛሬ ከደቡቡ ጫፍ ብዙም አልርቅም። ካምፖ ከምትባለው ትንሽ ሰፈር አጠገብ ተነስታችሁ ኬኔዲ ሜዶውስ እስክትደርሱ ከ1100 ኪሎ ሜትር በላይ የምትጓዙት በአብዛኛው ደረቅ በሆነው የደቡብ ካሊፎርኒያ ምድር ነው። መሃል ላይ እንደ ሳን ሃሲንቶ ያሉ ቀዝቃዛ ተራሮች ቢገተሩም፣ አገሩ በጠቅላላው ውኃ በስስት የሚያዝበት አገር ነው። ስለ እንስሳቱ የምነግራችሁም ሁሉ ከዚህ ስስት የሚነሳ ነው።

አስቀድሜ እባቡን ላንሳ፤ እሱን ሳልጨርስ ሌላውን እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ጅራቱ ላይ ቃጭል ያለው መርዛማ እባብ በዚህ መንገድ ላይ በብዛት ይገኛል። ሰውነቱን በራሱ ማሞቅ ስለማይችል ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ይወጣል፤ ሲመሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለውን የመንገድ አፈር ይፈልጋል። እኛም ሐሩሩን ሸሽተን የምንራመደው በእነዚሁ ሰዓታት ነው። ስለዚህ መገናኘት አይቀርም። መርዙ ግን የአደን መሣሪያው ነው፤ ሊውጠው በማይችለው ሰው ላይ ማፍሰሱ ለእሱ ኪሳራ ነው። የሚያንሿሿውም ይህን ኪሳራ ለማስቀረት ነው። ድምፁን ስትሰሙ ቁሙ፣ የት እንዳለ በዓይን ፈልጉ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ በሉና መንገዱን እስኪለቅ ጠብቁ። ሁለቱን ጆሮዎች በሙዚቃ ደፍኖ በረሃ የሚያቋርጥ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ በገዛ እጁ ጥሎታል፤ እኔ በበኩሌ ፈጽሞ አይገባኝም። ከተነደፋችሁ ቁስሉን አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ በጨርቅ አጥብቃችሁ አትጠፍሩት፤ ቶሎ ዕርዳታ ጠርታችሁ የመርዝ ማርከሻ ወዳለበት ሆስፒታል መድረስ ብቻ ነው የሚያድነው።

አሁን እኔ ወደምወዳቸው ልሂድ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጥቋጦው ሥር ጠፍጣፋ፣ እሾሃም፣ አፈር የመሰለ እንሽላሊት ታዩ ይሆናል። ባለ ቀንዱ እንሽላሊት ነው። ምግቡ በአብዛኛው ጉንዳን ነው። የቀበሮና የውሻ ዘር ሲይዘው ከዓይኑ ጥግ ደም ይረጫል፤ ደሙ ለእነዚያ አውሬዎች አፍ የሚያስጠላ ጣዕም አለው። ሰው ይህን ሲሰማ የመጀመሪያ ሐሳቡ ይዞ መሞከር ነው! እስቲ አስቡት፦ አንዲት መዳፍ ላይ የምታርፍ ፍጡር ጉንዳን ለቅማ ያጠራቀመችውን ደም፣ እኛ ፎቶግራፍ እንድናነሳ ብላ ታፈሳለች።

የበረሃው ኤሊ ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። እሱን ወደ ሞሃቪ በረሃ ስትጠጉ፣ ያውም ዕድለኛ ከሆናችሁ ነው የምታገኙት፤ አብዛኛውን ዕድሜውን ጉድጓድ ውስጥ ያሳልፋልና። ዝናብ ሲዘንብ የጠጣውን በፊኛው አጠራቅሞ በድርቁ ወራት ቀስ በቀስ ይጠቀምበታል። ሲያነሱት ግን ይደነግጥና ያጠራቀመውን ሁሉ ሊለቀው ይችላል። ጎድቶኛል ብሎ የሚጮህ እንስሳ አይደለም፤ ያነሳው ሰው በደግነት መልሶ አስቀምጦት፣ ፈገግ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ኤሊው ግን ቀጣዩ ዝናብ እስኪመጣ ባዶውን ሊቀር ይችላል። በሞሃቪ ያለው የዚህ ኤሊ ዘር እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጥበቃ የሚደረግለት ነው። እናም ዓይናችሁን እንጂ እጃችሁን አትስጡት።

ሌሊት በድንኳናችሁ ዙሪያ የሚዘለው የካንጋሮ አይጥ ውኃ ሳይጠጣ መኖር ይችላል፤ የሚያስፈልገውን ከሚበላው ፍሬ ያወጣዋል። ስለ እሱ አታስቡ፤ ምግባችሁን ብቻ በደንብ ዝጉ።

የምታስቡላቸው መጠጣት ግድ ለሚላቸው ነው። ሲዘርስ ክሮሲንግ ከሚባለው የመኪና መንገዶች መገናኛ ወጥታችሁ የሳን ፌሊፔን ኮረብቶች ስትወጡ፣ ባረል ስፕሪንግ እስከሚባለው ምንጭ ድረስ 38 ኪሎ ሜትር ያህል የሚታመን ውኃ የለም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ትከሻችሁ በደንብ ይነግራችኋል። በዚያው አካባቢ ባለው በአንዛ ቦሬጎ በረሃ ትልልቅ ቀንድ ያላቸው የዱር በጎች ይኖራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው እንስሳት ዝርዝር ገብተዋል። የዱር በግ ውኃ ዳር ሰው ካየ ይመለሳል። እኛ ደክመን ምንጭ አጠገብ ድንኳን ስንተክል፣ ተጠምቶ ከገደል የወረደውን ሁሉ በር ዘጋንበት ማለት ነው።

ስለዚህ ውኃችሁን ቅዱ፣ ጠጡ፣ እግራችሁን አሳርፉ፤ ከዚያ ዕቃችሁን ተሸክማችሁ ተነሱ። ለማደሪያ ከውኃው ቢያንስ 60 ሜትር መራቅ የተለመደ ደንብ ነው፤ በበረሃ ግን ከዚያም በላይ ብትርቁ እመርጣለሁ። እራታችሁን ምንጩ ዘንድ አብስላችሁ፣ ገና ብርሃን ሳለ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ብትተኙ የነገው ጠዋት መንገድም ያጥርላችኋል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ የእባቡ ጥያቄ እንዳላለቀ ከፊታችሁ ይታየኛል።