በማለዳ ተነስተሃል ማለት ነው

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ክፍል ስለ አጅሬ፣ ማለትም በአሮጌ ፎርድ አካል ላይ የናፍጣ ሞተር ገጥሜ ለሽያጭ ስለሠራሁት ሆት ሮድ፣ ከእንግዲህ አላወራም ብዬ እንደነበር አልዘነጋሁም። ሥራው አለቀ ብዬ «የመጨረሻው ብሎን» ያልኩበትን ጊዜ የምትቆጥሩ ሰዎችም ቁጥሩ 11 መድረሱን ነግራችሁኛል፤ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ብሎን አይደለም። ቅዳሜ ዕለት መኪናውን ሊያዩ አንድ ገዢ መጥተው ነበር፤ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሰውዬው ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብዬ ሞተሩን አስነሣሁት። 20 ደቂቃ በሚኒሞ ሠራ፤ ነጩ ጭስ ወጥቶ አለቀ፤ የብርዱ ማንኳኳት ረገበ፤ አጠፋሁት። ከዚያም ሽታው እንዲወጣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ናፍጣ የሚያውቅ ሰው ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ይገባዋል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ታምቆ የጋለው አየር ብቻ ነው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ያንን ሙቀት ስለሚሻማው ከነዳጁ ከፊሉ ሳይነድ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የቀረውም ዘግይቶ ባንዴ ስለሚነድ ያንኳኳል። የእኔው ባለ 3.9 ሊትር ከሚንስ (የአሜሪካ ናፍጣ ሞተር ሠሪ ኩባንያ ነው) ደግሞ ያሉት 4 ትልልቅ ፒስተኖች ብቻ ስለሆኑ ቀዝቅዞ ሲነሣ መኪናውን ሁሉ ያርገፈግፈዋል፤ በኋላ ማያው መስታወት አንዱ በር ሁለት ሆኖ ይታያል። ሲሞቅ ይሻለዋል። ዳነ አላልኩም፤ ይሻለዋል።

ገዢው በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. የ1931ዱን የፎርድ ሞዴል ኤ ካሮሴሪያ፣ የመኪናውን አካል፣ በጣታቸው እያንኳኩ ዞሩት፤ ስቱኮ ያለበትንና የሌለበትን በድምፁ ሲለዩ ከፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ጎንበስ ብለው የሻንሲውን ብየዳ አዩ። ኮፋኖ የለውም፤ (ለምትጠይቁኝ፣ አዎ፣ አሁንም የለውም፤) ስለዚህ ሞተሩ ከፊታቸው ተዘርግቷል። ቀኝ መዳፋቸውን በሞተሩ ጎን፣ በወፍራሙ ብረት ላይ አኖሩ። ቁልፍ አልጠየቁም፤ የሰዓቱን ቆጣሪ አላዩም። መዳፋቸውን እዚያው አቆይተው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ «በማለዳ ተነስተሃል ማለት ነው» አሉኝ።

ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር ሙቀቱን በአንድ ሰዓት አይለቅም፤ ይህንን ደግሞ ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር።

«አዎን፣ እርስዎ እንዳይጠብቁ ብዬ አሞቅሁት» ማለት እችል ነበር፤ ነገሩም በዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ያላንዳች ምክንያት ስለ ኢንዲያናፖሊስ፣ ስለ አሜሪካኖቹ የመኪና ውድድር፣ ማውራት ጀመርኩ። የከሚንስ የናፍጣ መኪና እ.ኤ.አ. በ1931 የ500 ማይሉን ውድድር ለነዳጅ አንድም ጊዜ ሳይቆም እንደጨረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ፍሬድ አጋባሺያን ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) የተገጠመለትን ናፍጣ እየነዳ በማጣሪያ ውድድሩ የመጀመሪያውን ቦታ ይዞ ከቤንዚን መኪኖች ሁሉ ፊት እንደተሰለፈ አስረዳኋቸው። መዳፋቸው አሁንም ብረቱ ላይ ነበር። የ1952ቱ መኪና 71 ዙር ሄዶ ከውድድሩ መውጣቱን ግን አልነገርኳቸውም። የቱርቦው አየር መሳቢያ ዝቅ ብሎ ከፊት ስለተቀመጠ ከመንገዱ የጎማ ብናኝ እየሳበ ታፈነ። ይህንን ለእናንተ ስንት ጊዜ ነግሬአችኋለሁ፤ የእኔን መሳቢያ ከፍ አድርጌ የሠራሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለእርሳቸው ግን ታሪኩ አሰላለፉ ላይ አለቀ።

ሆት ሮድ ሲባል ከመነሻው ቀለል ያለ አሮጌ አካልና ፈጣን የቤንዚን ሞተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ፎርድ ያወጣው ቪ8 ይህን ነገር ለብዙ ወጣት ቀላል አደረገው። የእኔው ሞተር ግን በደቂቃ 3,000 ዙር ሳይደርስ የሚበቃው ነው፤ የሞተሩን ዙር ለጎማው የሚያካፍለውን ዲፈረንሻል ሁለት ጊዜ የቀየርኩትም ለዚህ ነው። ባለ 6 ሲሊንደሩ ወንድሙ ግማሽ ቶን ያህል ስለሚመዝን እርሱን ጨርሶ አላሰብኩትም። ናፍጣ ደግሞ እንደ ቤንዚን ሞተር በየጊዜው አየር የሚመጥን ክዳን ስለሌለው ለፍሬኑ አጋዥ የሚሆን የአየር ስበት አይፈጥርም፤ ለብቻው ፓምፕ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ መኪና ለመሸጥ ብሎ የሚሠራ ሰው ጤነኛ አይደለም ያላችሁኝ ሰዎች ተሳስታችኋል አልልም። ግን እንደምታውቁት እኔ የወደድኩት ነገሩ ግልጽ መሆኑን ነበር። ናፍጣ ሲታመም ያስታውቃል፤ ጭሱ ነጭ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ጥቁር ከሆነ ሌላ፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። ይህንኑ ለሁለት ዓመት ስሰብክ ቆይቼ ቅዳሜ ጠዋት ጭሱን በበር አስወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ያማረ ነበር፤ ይኸው ነው የሚያናድደኝ። አስነሡት፤ በግማሽ ዙር ተነሣ። መስታወቱን አዩ፤ በሩ አንድ ነበር። እንዴት እንደሚጠፋ ሲጠይቁኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ነዳጁን የሚዘጋውን ገመድ አሳየኋቸው፤ ቀጥሎም ያቺን የአየር መዝጊያ። ቱርቦው ዘይት ማሳለፍ ቢጀምር ሞተሩ የራሱን ዘይት እያነደደ ነዳጅ ቢዘጋበትም ሊከንፍ እንደሚችል፣ ያኔ ማፈን ብቻ እንደሚያቆመው አስረዳሁ። አንዲት የብረት ክዳን ናት፤ በሁለት ቀን ሞርጄ የሠራኋት፤ ከመኪናው ሁሉ የምኮራባት እርሷ ናት። ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘጓት። ፈገግ ያሉ መስሎኛል።

ዋጋ አልተከራከሩም። ያልኩትን ሰምተው ዝም አሉ፤ ከዚያ «ሐሙስ እመለሳለሁ፤ ጠዋት» ብለው ሄዱ። «ጠዋት» ያሉት ለብቻው፣ ቆም ብለው ነው። ወይም እኔ ነኝ እንደዚያ የሰማሁት። ምናልባት በማለዳ ተነስተሃል ያሉት ታታሪ ነህ ለማለት ይሆናል፤ የእርሳቸው ትውልድ ሰው እንዲህ ብሎ ማመስገንን ያውቅበታል። ደግሞስ መኪና ሊሸጥ ያሰበ ሰው ሞተር ቢያሞቅ ምን ነውር አለው፤ ሁሉም... አይደለም፣ «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውን እዚህ ብዙ ጊዜ ስለተሳለቅሁበት ልተወው።

ይህንን የምቀዳው ረቡዕ ማታ ነው። ጠዋት ብርድ እንደሚሆን ከወዲሁ ያስታውቃል። ቁልፉን ከእራት በፊት ለባለቤቴ ሰጥቼ፣ ሰውዬው እስኪመጡ ድረስ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ ብያት ነበር። ይህን መቅዳት ከመጀመሬ በፊት የት እንዳስቀመጠችው ጠየቅኋት፤ ለባትሪው ብዬ ነው አልኳት፤ ባትሪው ግን ቁልፍ አያስፈልገውም፣ እርሷም ይህን ታውቃለች፤ እና...