ዘንድሮ ለጥናት ግሩፕም ሽልማት አለ

እንደምን አረፈዳችሁ! ድምፄ ከኋላ ይሰማል? እዛ ዛፉ ስር የቆማችሁ እስቲ እጅ አውጡልኝ… እሺ ይሰማል። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ከጠዋት ጀምረው ከሞንታርቦው ጋር ሲታገሉ ነው ያረፈዱት፣ መጀመሪያ ለነሱ አጨብጭቡልኝ።

የተከበራችሁ ርዕሰ መምህራችን፣ መምህራን፣ ከወረዳና ከክፍለ ከተማ የመጣችሁ የክብር እንግዶች፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆቻችንም፣ እንኳን ለዓመቱ መዝጊያ አደረሳችሁ። ንግግሩ አጭር ይሁን ተብያለሁ፣ ሰማዩም እንደምታዩት ነው፣ የሰኔ ዝናብ ሳይነግር ስለሚመጣ ቶሎ ቶሎ እላለሁ።

አብዛኞቻችሁ በወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት ሰብሳቢነቴ ነው የምታውቁኝ። ልጆቹ ግን "ጋሼ ፎቶ ኮፒ" ነው የሚሉኝ (ሳቁ ሳቁ፣ ሰምቻለሁ)። ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው ሱቅ የኔ ናት። ባይገርማችሁ ትምህርት ቤት በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ የሚውል ሰው ግቢው ውስጥ ያለውን ነገር ከሱፐርቫይዘር በላይ ያውቃል። የማን ደብተር እንደሚፈለግ፣ የትኛው መምህር ወርክሺት እንደሚያበዛ፣ ማን ዓመቱን ሙሉ ፎርፎ በፈተና ዋዜማ ሙሉ ደብተር ኮፒ ለማድረግ እየሮጠ እንደሚመጣ። ስም አልጠራም፣ ወላጅ አለ።

ከድሮ ጀምሮ የማየው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ቀለሜዋ ልጅ ደብተሩን ይዞ ይመጣና ለራሱ አንድ ኮፒ ያሰራል፣ ከዛ ጠጋ ብሎ "ጋሼ ሌላ ሰው ከመጣ እንዳትሰጥብኝ" ይለኛል። አንዱማ ኮፒ ሳደርግ አጠገቤ ቆሞ የተበላሸችውን ወረቀት ሳይቀር ቆጥሮ ቀዶ ነው የሄደው። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም እኮ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እኛ ወላጆች ቤት ሲገባ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ "ስንተኛ ወጣህ?" አራተኛ ከወጣ ደግሞ "ማን ቀደመህ?" እንላለን። ልጁ ታዲያ ጓደኛው ሳይገባው ሲቀር ቢደሰት በማን ይፈረዳል?

ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከጥምቀት በኋላ መሰለኝ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ መጣች። ርዕሱን በቀይ፣ የውስጡን በሰማያዊ የጻፈች፣ ስዕሉን በእርሳስ አጥርታ ያስቀመጠች፣ በቃ መጽሐፍ ነው የሚመስለው። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ጋሼ፣ እስከ ነገ እዚህ ይዋል፣ ከክፍላችን ማንም ከመጣ ኮፒ አድርግለት፣ ገጽ 14 ላይ ግን ስህተት አለ፣ ያስተካክሉት በልልኝ" ብላ ሄደች። እኔም መቼም ነጋዴ ነኝ፣ ደስ አለኝ፣ ገበያ ነው። ልጆቹ መጡ፣ ኮፒ ተደረገ፣ ገጽ 14ንም ነገርኳቸው። ደብተሩ ግን ግንቦት ላይ ተመልሶ ሲመጣ በሌላ ሰው ጽሁፍ ዳር ዳሩ ተሞልቷል፣ አንዱ "ይሄ ጥያቄ ባለፈው ፈተና መጥቷል" ብሎ ጽፎበታል፣ ሌላዋ እሷ የዘለለችውን ስዕል ጨምራበታለች፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሁለት ልጆች በወረቀቱ ላይ ተከራክረው በመጨረሻ "ቲቸርን ጠይቀን አንተ ልክ ነህ" የሚል አለ። ያንን ሳይ ነው አብረው ለሚያጠኑ ልጆችም ሽልማት ይሰጥ ብዬ ለህብረቱ ስብሰባ ያቀረብኩት።

ለምን መሰላችሁ፣ እስቲ ፈተናውን ራሱን እንየው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አሁን ስድስት ትምህርት ነው፣ ከ600። ናቹራል ፊዚክስ ኬሚስትሪ ባዮሎጂ ይፈተናል፣ ሶሻል ጂኦግራፊ ታሪክ ኢኮኖሚክስ፣ እንግሊዝኛ ሂሳብና አፕቲትዩድ ሁለቱም ጋ አለ። ለማለፍ 300 ያስፈልጋል። በቃ። ስንተኛ ወጣህ የሚል ጥያቄ የለውም። ጎንህ የተቀመጠው ልጅ 450 ስላመጣ ያንተ 300 ወደ 290 አይወርድም፣ እሱ ስለወደቀም ያንተ 280 ወደ 300 አይወጣም። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ግማሽ ቢያመጡ ሁሉም ያልፋሉ። እርግጥ ሜዲሲን ምናምን የሚፈልግ ልጅ ከፍ ያለ ነጥብ ያስፈልገዋል፣ እሱ ፉክክር ነው አልክድም፣ ግን የሚፎካከረው ከመላው አገር ልጅ ጋር እንጂ አጠገቡ ከተቀመጠው ጋር ብቻ አይደለም።

ቁጥሩን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው ብዬ ልደብቀው አልፈልግም። በ2014 ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 ፐርሰንት ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። እየጨመረ ነው፣ ተመስገን። ግን እስቲ ገልብጡት፣ በ2017 ከ585 ሺህ በላይ ልጅ ተፈትኖ ያለፈው 49 ሺህ አይሞላም። በዛ ስሌት 60 ልጅ ካለበት ክፍል አምስት ልጅ ነው የሚያልፈው። አምስት ልጅ ብቻ በሚያልፍበት ክፍል ውስጥ ደብተር ተደባብቆ አንደኛ ሁለተኛ መባባል ምን ይጠቅማል? በነዛ ዓመታት እኮ አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1000 በላይ ነበሩ፣ እዛም ግን በየክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረ፣ ካርዱም ላይ አንደኛ ተብሎ ተጽፎለታል።

ህብረቱ ስብሰባ ላይ ይሄን ሳነሳ አንድ መምህር "ኩረጃ ልታበረታቱ ነው ወይ?" አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፣ ምክንያቱም "ተረዳዱ" የሚለው ቃል እኛ አገር ተበላሽቷል። ጎበዙን መሃል አስቀምጦ ዙሪያውን መኮረጅ መረዳዳት ይባል ነበር፣ አንዳንድ ወላጅም ልጁን ጎበዝ አጠገብ እንዲያስቀምጡለት ሲለምን አይተናል። ፈተና እስከ መውጣት ተደርሶ በ2008 ተሰርዞ በድጋሚ ነው የተሰጠው፣ የዛን ጊዜ ተፈታኞች ስንት እንደተንገላቱ ታስታውሳላችሁ። እኔ የምለው እሱን አይደለም። እኔ የምለው ከፈተናው ቀን በፊት ያለውን ስምንትና ዘጠኝ ወር ነው። ለሰው ያስረዳ ልጅ ፈተናው ላይ ብቻውን ሲቀመጥ የበለጠ ነው የሚሰራው፣ ለማስረዳት ሲሞክር ነው እኮ ያልገባውን የሚያገኘው። ይሄ ደግሞ ፈረንጅ ያመጣው ነገር አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት የቆያችሁ አባቶች ታውቁታላችሁ፣ የኔታ ሁሉንም ብቻቸውን አያስተምሩም፣ ከፍ ያለው ተማሪ ታችኛውን ያስቀጽላል። ቁርኣን ቤትም እንደዛው ነው፣ ትልቁ ትንሹን ያስቀራል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ስንገባ ነው ደብተር መደበቅ የጀመርነው። ድር ቢያብር ልል ነበር፣ ተውኩት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰልችቷችኋል።

ስለዚህ ዘንድሮ ከአንደኛ እስከ ሶስተኛ ለወጡት ከምንሰጠው ሽልማት በተጨማሪ ለጥናት ግሩፖችም እንሸልማለን። አንደኛ የወጣችሁ ልጆች ቅር እንዳይላችሁ፣ የናንተ ሽልማት አልተቀነሰም፣ ለፍታችሁ ያመጣችሁት ነው፣ ይገባችኋል። የግሩፑ ግን አሰጣጡ ትንሽ ለየት ይላል፣ አስረዳለሁ። የምናየው የግሩፑን ጎበዝ ልጅ ውጤት አይደለም። ከግሩፑ መጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ዝቅተኛ የነበረው ልጅ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ስንት ጨመረ? እሱን ነው። ስም ጠሪ መምህራን ሮስተር ገልብጠው ለዩልን፣ የሂሳብ መምህራችን ደግሞ ደግማ ደማመረችው፣ ስለዚህ አድልዎ አለ የሚል እሷን ያናግር፣ እኔን አይደለም።

አንዱን ግሩፕ ብቻ ልንገራችሁ፣ ሌሎቹን ሲወጡ ታዩዋቸዋላችሁ። እነዚህ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ላብራቶሪው ጎን ያለው ባዶ ክፍል ውስጥ ነበር የሚያጠኑት። ዘበኛው ጋሼ ቁልፉን ከፍተውላቸው "ሰባት ሰዓት ላይ እዘጋለሁ" ይላሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አይዘጉም፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ። አንድ ልጅ ብላክቦርዱ ላይ የአምና ጥያቄ ይጽፋል፣ መልሱን የሚሰራው ግን ያልገባው ልጅ ነው፣ የገባው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ህጋቸው ይሄ ነው። አንድ ቀን ወረቀት ላደርስ ስገባ አንዱ ልጅ የፊዚክስ ጥያቄ ላይ ተቸክሎ ቾኩን ይዞ ቆሟል፣ ጎበዟ ልጅ ደግሞ መልሱን ላለመናገር በሁለት እጇ አፏን ይዛ ተቀምጣለች። ሳቄ መጣ። ያ ቾክ ይዞ የቆመው ልጅ መጀመሪያ ሴሚስተር ፊዚክስ 38 ነበረው፣ አሁን 61። ሰላሳ ስምንት! ይቅርታ፣ ስሙን አልጠራም ብያለሁ፣ ግን እሱ ራሱ እየሳቀ ነው እዛ ጋ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወላጆች ልምጣ፣ በተለይ የሴት ልጅ ወላጆች። ልጅት "ግሩፕ ስተዲ ልሄድ" ስትል "ከማን ጋር? ወዴት? ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?" ትላላችሁ፣ መጠየቁ ልክ ነው፣ እኔም ልጅ አለኝ። ግን ወንዱን አትጠይቁትም። ወንዱ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ ዝም፣ እሷ ልታጠና ስትወጣ ሽንኩርቱን ማን ይክተፍ ይባላል። ዘንድሮ ሁለት ግሩፕ የፈረሰው በዚህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለሶስት ሰዓት ያህል ብቻ ልቀቁልን፣ ግቢ ውስጥ ነው የሚያጠኑት፣ መምህር አለ፣ ካላመናችሁ ኑና እዩ፣ ሲደክማችሁ ደግሞ ሱቄ ወንበር አለ።

መምህራን፣ ለናንተ ብዙ አልልም፣ ቅዳሜ ያለ ክፍያ ቱቶሪያል የሰጣችሁትን ልጆቹ ያውቋችኋል። የትራንስፖርቱን ነገር ህብረቱ እያየው ነው፣ ቃል ግን አልገባም፣ ካዝናችንን ታውቁታላችሁ።

12ኛ ክፍሎች! እናንተ ገና ፈተናው ከፊታችሁ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጨበጨብላችሁም፣ ግማሹን ለውጤት ቀን አስቀምጫለሁ። አድሚሽን ካርዳችሁንና መታወቂያችሁን ዛሬ ማታ አንድ ላይ አድርጉ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ኮፒ ፍለጋ እኔ ጋ እንዳትሮጡ። ስልክ ቤት ይቅር፣ ስማርት ሰዓትም እንደዛው። ግቢ የምታድሩ ብርድ ልብስ አትርሱ። ኦንላይን የምትፈተኑ ደግሞ አይሲቲ ክፍሉ ክፍት ነው፣ ማውስ መያዝ የሚከብዳችሁ አላችሁ፣ አትፈሩ፣ ሄዳችሁ ተለማመዱ። ቴሌግራም ላይ "ፈተናው ወጥቷል" እያለ ብር የሚጠይቃችሁ ሌባ ነው፣ ብሎክ አድርጉት። ውጤቱ እንዳሰባችሁት ባይመጣም ሪሚዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ፣ ቤት ዘግታችሁ እንዳትቀመጡ፣ ወላጆችም እባካችሁ የጎረቤት ልጅ ውጤት እየጠራችሁ አታሳቅቋቸው። ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡት ደግሞ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና ይጠብቃችኋል፣ እሱም ማለፊያው 50 ነው፣ እዛም ቢሆን ግሩፕ ያዙ።

ሽልማቱ ትልቅ አይደለም። ሰርተፍኬትና አጋዥ መጽሐፍ ነው፣ ከኔ በኩል ደግሞ ላሸነፈ ግሩፕ በሙሉ የሚቀጥለው ዓመት ወርክሺት ኮፒ በነፃ ነው። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም፣ እዚህ ከሆነች አሁን ሰማች።

በቃ ጨረስኩ፣ ማይኩን ለዩኒት ሊደራችን እሰጣለሁ። ግሩፕ የሆናችሁ ስማችሁ ሲጠራ ተወካይ አትላኩ፣ አራትም ሁኑ አምስት ሁላችሁም አንድ ላይ ውጡ። ፎቶ አንሺው እዚህ በግራ በኩል ነው። ከ9ኛ ክፍል እንጀምራለን፣ 9ኛ ክፍሎች ተዘጋጁ!