አሮጌ ፎር ዊል ገዛችሁ? ከመብራቱ በፊት ከሥሩ ግቡ

(ምስል፦ ጭቃ የለበሰ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሟል)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ይህን አሮጌ ፎር ዊል ከገዛሁ ገና ሳምንቴ ነው። ያየው ሁሉ "ሰፊ ጎማ ግጠምለት፣ ጣራው ላይ መብራት ደርድርበት" ይለኛል። ይደርሳል! መጀመሪያ ከሥሩ እንግባ።

ስንገባ ግን ክሪክ ብቻ አምነን አይደለም። ክሪክ ያነሳል እንጂ አስተማማኝ መያዣ አይደለም። ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) በብረት ማቆሚያ ላይ ይረፍ፤ መሬት የነኩት ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸው። በአንዳንድ አሮጌ ፎር ዊሎች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። አንድ የኋላ ጎማ ከተነሳ መኪናው ሊንከባለል ይችላል።

ሻንሲው ላይ አዲስ ጥቁር ቀለም ካያችሁ ተጠራጠሩ። በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ድፍን ይላል። ካቻቢቴ ሰርስሮ ከገባ ብየዳ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ዘይቱ። ብዙ ሰው የሞተሩን ቀይሮ "ጨረስኩ" ይላል። ካምቢዮው፣ ትራንስፈር ኬዙ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው)፣ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሉስ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የጥርስ ቤት)?

እዚህ ላይ ጉዴን ልንገራችሁ። የኋላውን ዲፈረንሻል የታች ብሎን ፈታሁና ዘይቱን አፈሰስኩ። የላይኛው፣ የመሙያው፣ በዝገት ተጣብቆ ንቅንቅ አልል አለ። ባዶ ዲፈረንሻል ታቅፌ ቀረሁ! ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የላዩን ፍቱ። እሱ ካልተፈታ የታቹን አትንኩት።

(ምስል፦ የማፍሰሻው ብሎን በቅርበት)

ብዙ ጊዜ የማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ማግኔት ነው። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ዝቃጭ ቢይዝ አትደንግጡ፣ የእርጅና ነው። ጠርዝ ያለው ስባሪ ከያዘ ግን ጥርስ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

የፊተኛው ዘይት ደግሞ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ወጣ። ውሃ ነው። ከየት ገባ? ዲፈረንሻሉ ሲሄድ ይግላል፤ እንደጋለ ወንዝ ሲገባ በአንዴ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ከውጭ ይስባል። አክሱ ላይ ያለችው ትንሿ መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነች፣ በዘይት ማገጃው ጎማ በኩል ውሃ ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መተንፈሻዋን አጽዱ፣ ቱቦ ቀጥላችሁ ጫፉን ሞተሩ አካባቢ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ለእኔ ከማንኛውም መብራት ይበልጣል።

የቀረውን ቶሎ ልበል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ዕድሜውን ካላወቃችሁ ሙሉውን ቀይሩ። የሞተሩ የታይሚንግ ቺንጊያም (ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር የሚያናብበው) እንደዚያው፤ በብዙ ሞተሮች ከተበጠሰ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር ፈልጉ፤ 2317 ከሆነ በፈረንጆች 2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ዕድሜውን እዩ።

ያ የኋላው ብሎን? ዝገት ማስለቀቂያ እየረጨሁ፣ በመዶሻ እያባበልኩ፣ በሦስተኛው ቀን ለቀቀ።